የእግዚአብሔር ስም የማይጠራበት የክርስቲያን መጽሐፍ፦ የቶልኪን ሕይወትና እምነት

«የቀለበቶቹ ጌታ»ን ያነበበ ወይም ፊልሙን ያየ ሰው አንድ ነገር ልብ ሳይል አይቀርም። በዚያ ሁሉ ገጽ ውስጥ ቤተ ክርስቲያን የለም። ካህን የለም። በዋናው ታሪክ ውስጥ የእግዚአብሔር ስም አይጠራም። አንድ ቦታ ላይ ብቻ ወታደሮች ማዕድ ከመቅረባቸው በፊት ወደ ምዕራብ ዞረው ለአፍታ ዝም ይላሉ። ሥርዓተ ጸሎት የሚመስል ነገር ቢፈለግ ይኸው ነው።

ጸሐፊው ጄ. አር. አር. ቶልኪን ግን በ1953 ለአንድ ወዳጁ በጻፈው ደብዳቤ፣ መጽሐፉ ከመሠረቱ ሃይማኖታዊ፣ እንዲያውም ካቶሊካዊ ሥራ መሆኑን ነገረው። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።) ወዳጁ ሮበርት መሪ የጀስዊት ማኅበር አባል ነበር። ቶልኪን መጀመሪያ ላይ ሳያስበው፣ ሲያርመው ግን እያወቀ እንዲህ እንዳደረገው ጻፈለት። ሃይማኖት የሚመስለውን ነገር በሙሉ ማለት ይቻላል ከመጽሐፉ ያወጣውም በዚሁ ምክንያት ነው አለ። እምነቱ በታሪኩ ውስጥ ሰርጓል ማለቱ ነበር።

ነገሩ ግራ ያጋባል። ሃይማኖታዊ ስለሆነ ሃይማኖቱን አወጣሁት የሚል ሰው ምን ማለቱ ነው? ብዙ አንባቢ እዚህ ላይ መንገድ ይስታል። ምልክት ፍለጋ ይገባል። ጠቢቡ ጋንዳልፍ ሞቶ ስለተመለሰ እሱ ክርስቶስ ነው ይላል። ሌላው ደግሞ የታሪኩ ዋና ጀግና ፍሮዶ ሸክም ስለተሸከመ እሱ ነው ይላል። ሦስተኛው ደግሞ የሚመለሰውን ንጉሥ አራጎርንን ያነሣል። ሦስቱም ትንሽ ትንሽ እውነት አላቸው። ግን አንዳቸውም ክርስቶስ አይደሉም፤ ቶልኪንም እንዲህ ያለውን ንባብ አይወድም ነበር። እኔ እንደሚገባኝ፣ የቶልኪን እምነት ያለው ታሪኩ በሚሄድበት አካሄድ ላይ ነው። ክፋት ምንድን ነው? ጀግና ሲወድቅ ምን ይሆናል? ለማይገባው ጠላት መራራት ሞኝነት ነው ወይስ አይደለም? መጽሐፉ የሚመልሳቸው እነዚህን ጥያቄዎች ነው። የመለሰበትም መንገድ ከሕይወቱ የወጣ ነው።

እዚያው ለመሪ በጻፈው ደብዳቤ ላይ ቶልኪን እምነቱን ያገኘው ከእናቱ እንደሆነ ያነሣል። እኔም ከእሷ እጀምራለሁ።

የእናቱ የሜቤል ቶልኪን ባል አርተር በብሉምፎንቴይን፣ በዛሬዋ ደቡብ አፍሪካ፣ የባንክ ሥራ አስኪያጅ ነበር። ጆን ሮናልድ ቶልኪን የተወለደው እዚያ በጃንዋሪ 1892 ነው። በ1895 ሜቤል ሁለት ወንዶች ልጆቿን ይዛ ዘመድ ለመጠየቅ ወደ እንግሊዝ ሄደች። አርተር ለሥራው ቀረ። በሚቀጥለው ዓመት በሩማቲክ ትኩሳት ሞተ። ሜቤል ገና በወጣትነቷ፣ በትንሽ ገቢ፣ ሁለት ሕፃናት ይዛ ቀረች። በበርሚንግሃም አቅራቢያ ሴርሆል በምትባል መንደር ቤት ተከራየች። ልጆቿን ራሷ አስተማረች። ላቲን፣ ሥዕል፣ የዕፅዋት ስም፣ ሁሉንም ከእሷ ነው የተማሩት።

በ1900 ሜቤል ካቶሊክ ሆነች። ይህ ዛሬ ቀላል ነገር ሊመስል ይችላል። በዚያ ዘመን እንግሊዝ ግን ቀላል አልነበረም። ካቶሊኮች ፓርላማ መግባት የተፈቀደላቸው በ1829 ነው፤ ጥርጣሬውና ንቀቱ ከዚያ በኋላም አልጠፋም። የሜቤል ዘመዶች ፕሮቴስታንቶች ነበሩ። ተቆጡ። በገንዘብ ይረዳት የነበረው የእህቷ ባል እርዳታውን አቋረጠ። የገዛ አባቷም ፊቱን አዞረባት። እሷ ግን አልተመለሰችም። ልጆቿን ይዛ ቅዳሴ መሄዷን ቀጠለች።

በ1904 ስኳር በሽታ ያዛት። ኢንሱሊን የተገኘው በ1921 ነው። ስለዚህ ያኔ ስኳር ማለት የሞት ፍርድ ነበር። በዚያው ዓመት ኖቬምበር ላይ በ34 ዓመቷ አረፈች። ትልቁ ልጇ 12 ዓመቱ ነበር። ከመሞቷ በፊት ግን አንድ ነገር አደረገች። ዘመዶቿ ልጆቹን ወስደው ከእምነታቸው እንዳያስወጡባቸው፣ አሳዳጊነቱን ለአንድ ቄስ ሰጠች።

ቶልኪን እናቱን እስከ መጨረሻው ድረስ እንደ ሰማዕት ነው ያያት። ልጆቿን በእምነት ለማቆየት ስትል በድካምና በችግር ራሷን ገደለች ብሎ ያምን ነበር። ይህን ሳይዙ ቶልኪንን ለመረዳት መሞከር ከንቱ ድካም ይመስለኛል። እምነቱን በክርክር አሸንፎ ያገኘው አይደለም። ሕይወት የተከፈለበት ውርስ ነው። እንዲህ ያለውን ውርስ ሰው እንደ ዕቃ አንሥቶ አይጥለውም።

ቄሱ አባ ፍራንሲስ ሞርጋን ይባላሉ። በበርሚንግሃም የኦራቶሪ ማኅበር ካህን ነበሩ። ይህን ቤት የመሠረቱት ታዋቂው ጆን ሄንሪ ኒውማን ናቸው፤ እሳቸውም ከአንግሊካን ወደ ካቶሊክ የተመለሱ ሰው ነበሩ። አባ ፍራንሲስ በከፊል ከስፔን የሚወለዱ፣ ድምፃቸው ከፍ ያለ፣ ልበ ቀና ሰው ነበሩ። ቤተሰባቸው የወይን ጠጅ ንግድ ስለነበረው፣ ከራሳቸው ኪስ እያወጡ ልጆቹን አሳደጉ። ልጆቹም ጠዋት ጠዋት ለቅዳሴያቸው እያገለገሉ አደጉ።

የእኚህ ሰው ፍቅርና ቁጣ ሁለቱም በቶልኪን ሕይወት ላይ ታትመዋል። በ1908 ቶልኪን በ16 ዓመቱ ኢዲት ብራት ከምትባል የ19 ዓመት ልጅ ጋር ተዋወቀ። አንድ ቤት ተከራይተው የሚኖሩ፣ ሁለቱም ወላጅ የሌላቸው ልጆች ነበሩ። ተዋደዱ። አባ ፍራንሲስ ነገሩን ሲሰሙ ተናደዱ። ልጁ ለኦክስፎርድ ፈተና እየተዘጋጀ ነው፤ ልጅቷ ደግሞ ካቶሊክ አይደለችም። 21 ዓመት እስኪሞላው ድረስ እንዳያገኛትም፣ እንዳይጽፍላትም ከለከሉት።

ቶልኪን ታዘዘ። ሦስት ዓመት ገደማ ቃሉን ጠበቀ። በጃንዋሪ 1913፣ 21 ዓመት በሞላበት ዕለት ደብዳቤ ጻፈላት። የመጣለት መልስ ልብ የሚሰብር ነበር። ረስቶኛል ብላ ለሌላ ሰው ታጭታለች። በባቡር ሄዶ አገኛት። ሲመሽ የታጨችበትን ቀለበት ለመመለስ ወስና ነበር።

እሱን ለማግባት ስትል ኢዲትም ካቶሊክ ሆነች። ያስጠጓት ሰዎች ይህን ሲሰሙ ቤቱን እንድትለቅ ነገሯት። እዚህ ላይ ቶልኪንን ሙሉ በሙሉ ማመስገን ይከብደኛል። እናቱ የከፈለችውን ዋጋ ሌላ ሴትም እንድትከፍል ሲያደርግ ብዙ ያመነታ አይመስልም። ኢዲት በኋላ ዘመን ከቤተ ክርስቲያን ጋር የነበራት ነገር ለዓመታት ቅሬታ የተሞላበት ነበር፤ ኑዛዜ መግባትም አትወድም ነበር። ከእምነቱ ጋር የታረቀችው ቆይታ ነው። የተጋቡት በማርች 1916 ነው። 55 ዓመት አብረው ኖሩ። አራት ልጆች ወለዱ። የመጀመሪያው ልጃቸው ጆን ካህን ሆነ።

ቶልኪን ከብዙ ዓመት በኋላ ስለ አባ ፍራንሲስ ሲጽፍ፣ ፍቅርንና ይቅር ባይነትን መጀመሪያ የተማረው ከእሳቸው እንደሆነ ተናግሯል። የወጣትነት ፍቅሩን ስለከለከሉት ሰው ነው ይህን ያለው። የይቅርታን ነገር ያዙልኝ፤ ወደ ፍሮዶ ስንደርስ ያስፈልገናል።

ከሠርጉ ጥቂት ወራት በኋላ ወደ ፈረንሳይ ጦር ግንባር ተላከ። የመገናኛ መኮንን ሆኖ በሶም ጦርነት ተሳተፈ። ከትምህርት ቤት ጀምሮ አራት ሆነው የማይለያዩ ጓደኞች ነበሩ። ሮብ ጊልሰን ጦርነቱ በተጀመረበት ቀን፣ ጁላይ 1 ቀን 1916 ሞተ። ጄፍሪ ስሚዝ በዲሴምበር ሞተ። ስሚዝ ከመሞቱ በፊት ለቶልኪን ጽፎለት ነበር፤ እኔ ልናገረው ሞክሬ ያልቻልኩትን አንተ እኔ ከሌለሁ በኋላ ተናገረው የሚል መንፈስ ያለው ደብዳቤ ነበር። ቶልኪን ራሱን ያተረፈው ቅማል የሚያስተላልፈው የምሽግ ትኩሳት ነው። ታምሞ ወደ እንግሊዝ ተመለሰ። ሲያገግም መጻፍ ጀመረ። ዕድሜውን ሙሉ የጻፈው፣ መካከለኛው ምድር የሚባለው ምናባዊ ዓለም አፈ ታሪክ የተወለደው ከዚያ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው የውጭ ሕይወቱ ጸጥ ያለ ነው። በ1925 በኦክስፎርድ የጥንት እንግሊዝኛ ፕሮፌሰር ሆነ፤ ጡረታ እስከወጣበት እስከ 1959 ድረስም ኦክስፎርድ አስተማረ። በነገራችን ላይ ስለ አገራችንም ጽፏል። የጥንት እንግሊዛውያን ኢትዮጵያን ሲጠሩበት ስለነበረው ስም የሠራው ጥናት በ1932 እና በ1934 በሁለት ክፍል ታትሟል። ስሙ ከሚገኝባቸው ጽሑፎች አንዱ ስለ ኦሪት ዘጸአት የተጻፈ ጥንታዊ የእንግሊዝኛ ግጥም ነው። ስለ ቶልኪን በአማርኛ ሲወራ ይህ ጉዳይ ተነሥቶ አለማወቁ ይቆጨኛል።

አሁን ወደ ሐሳቡ እንግባ። ለቶልኪን ምናባዊ ታሪክ መጻፍ ከእምነት ጋር እንዴት ይገናኛል?

በሴፕቴምበር 1931 አንድ ምሽት ቶልኪን ከሁለት ጓደኞቹ ጋር በኦክስፎርድ የዛፍ ጥላ መንገድ ላይ ሲራመድ አመሸ። አንዱ ሂዩጎ ዳይሰን ነው። ሌላው በኋላ የናርንያን ታሪኮች የጻፈው ሲ. ኤስ. ሉዊስ ነው። ሉዊስ ያኔ በእግዚአብሔር ማመን ጀምሯል፤ በክርስቶስ ግን ገና ነው። አፈ ታሪኮች ምንም ያህል ቢያምሩ ውሸት ናቸው አለ። ቶልኪን አይደሉም አለው። ሰው በእግዚአብሔር አምሳል ተፈጥሯል። እግዚአብሔር ፈጣሪ ነው። ስለዚህ በአምሳሉ የተሠራው ሰውም መፍጠር ይፈልጋል። ከምንም ተነሥቶ መፍጠር አይችልም፤ ከተሰጠው ነገር ግን ዓለም ይሠራል፣ ታሪክ ይሠራል። የሰው ልጅ ቢወድቅም ይህ መብቱ አልተወሰደበትም። በሚሠራቸው ታሪኮች ውስጥም የእውነተኛው ብርሃን ስባሪ ይገኛል። የክርስቶስ ታሪክ ደግሞ ሰዎች ሁሉ ሲመኙት የኖሩት ዓይነት ታሪክ ነው፤ ልዩነቱ በእርግጥ መፈጸሙ ነው። ውይይቱ እስከ ሌሊት ቆየ። ሉዊስ ከጥቂት ቀናት በኋላ በክርስቶስ አመነ። ቶልኪን ደስ አለው፤ ሉዊስ ወደ አንግሊካን ቤተ ክርስቲያን መመለሱ ግን ትንሽ ቅር አሰኝቶታል።

ይህ ሐሳብ በራሱ በቶልኪን አፈ ታሪክ ውስጥ አለ። እሱ ከሞተ በኋላ ልጁ ክሪስቶፈር በ1977 ባሳተመው «ሲልማሪልዮን» ውስጥ ዓለም የምትፈጠረው በዜማ ነው። አንዱ ፈጣሪ ለመናፍስቱ የዜማ ርእስ ይሰጣቸዋል፤ እነሱም ያዜማሉ። ከሁሉ የበረታው ሜልኮር ግን የራሱን ዜማ ፈልጎ ዝማሬውን ያውካል። ሌላ መንፈስ ደግሞ አለ፤ ኣውሌ ይባላል። የእጅ ባለሙያ ነው። የፈጣሪን ልጆች መምጣት መጠበቅ አቅቶት፣ ድንኮቹን በምስጢር ይሠራል። ሲጠየቅ አይሟገትም። ያደረግኩት ከፍቅር ነው ብሎ፣ እያለቀሰ፣ የሠራውን ለማጥፋት መዶሻ ያነሣል። ፈጣሪም ይከለክለዋል። ሥራውን ተቀብሎ እውነተኛ ሕይወት ይሰጠዋል።

ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጣችሁ ተመልከቱ። ሁለቱም መሥራት ፈለጉ። አንዱ የሠራውን ለራሱ ብቻ ያዘ። ሌላው መልሶ ለሰጠው አቀረበ። ቶልኪን ስለ ራሱ ሥራ የሚያስበውም እንደዚሁ ነበር። መጽሐፍ መጻፍ ለእሱ ከፈጣሪ በታች ሆኖ መፍጠር ነው።

ከዚህ ደግሞ ስለ ክፋት ያለው አመለካከት ይመጣል። በቶልኪን ዓለም ክፋት መፍጠር አይችልም። ፍሮዶ ለጓደኛው ለሳም ስለ ኦርኮች፣ ማለትም ለክፉው ጌታ ስለሚዋጉት አስቀያሚ ፍጡራን ሲነግረው፣ ጨለማው የተሠራውን ያበላሻል እንጂ አዲስ ነገር መሥራት አይሆንለትም ይለዋል። ይህ ቅዱስ አውግስጢኖስ ያስተማረው የቆየ የክርስትና ትምህርት ነው፤ ክፋት የመልካም ነገር ጉድለት እንጂ በራሱ የቆመ ነገር አይደለም። ቶልኪን ግን ትምህርቱን አልሰበከም። አንድ ሆቢት፣ ማለትም በልብወለዱ ውስጥ ያለ ቁመተ አጭር ፍጡር፣ በጉዞ መካከል ለጓደኛው እንዲናገረው አደረገ።

«ሆቢት» የታተመው በሴፕቴምበር 1937 ነው። ተከታዩ «የቀለበቶቹ ጌታ» ከ1954 እስከ 1955 በሦስት ጥራዝ ወጣ። በመካከሉ ያለው ጊዜ ጦርነት፣ ሥራና ድካም ነው። ልቤ በጣም የሚቆምበት ግን የመጽሐፉ ፍጻሜ ነው።

ታሪኩን ለማያውቅ ሰው ባጭሩ ልበል። ክፉ ጌታ የሠራው ቀለበት አለ፤ የያዘውን ሁሉ ያበላሻል። መጥፋት የሚችለው በተሠራበት እሳተ ገሞራ ውስጥ ሲጣል ብቻ ነው። ፍሮዶ የሚባል ትንሽ ሰው ይህን ሸክም ይቀበላል። ጎለም የሚባል ሌላ ፍጡር ደግሞ ቀለበቱን አጥቶ በናፍቆት ያበደ ነው፤ እየተከተለ ያሳድደዋል። መጀመሪያ አካባቢ ፍሮዶ፣ ዘመዱ ቢልቦ ጎለምን ያኔ አለመግደሉ ያሳዝናል ይላል። ጋንዳልፍ ይገሥጸዋል። ቢልቦን የያዘው ርኅራኄ ነው፤ ያ ርኅራኄ ደግሞ የብዙዎችን ዕጣ ሊወስን ይችላል ይለዋል። ቀለበቱ በቢልቦ እጅ የገባው በአጋጣሚ እንዳልሆነ፣ ከቀለበቱ ሠሪ ፈቃድ በላይ የሆነ ሌላ ፈቃድ እንዳለም ይጠቁመዋል። ማን እንደፈቀደ አይናገርም። እዚህ ላይ እግዚአብሔር ስሙ ሳይጠራ ገብቷል።

ከዚያ ፍሮዶ ራሱ ጎለምን ያገኘዋል። ሊገድለው ይችል ነበር፤ አልገደለውም። በመጨረሻ ከእሳቱ አፋፍ ላይ ሲደርስ ግን ቀለበቱን መጣል ያቅተዋል። የእኔ ነው ብሎ ያጠልቀዋል። ዋናው ጀግና በመጨረሻዋ ሰዓት ወደቀ! ጎለም ይዘልና ጣቱን ነክሶ ቀለበቱን ይነጥቀዋል። በደስታ ሲጨፍር ግን ተንሸራቶ ከነቀለበቱ እሳት ውስጥ ይገባል። ዓለም ዳነች።

ብዙ አንባቢዎች በዚህ ተከፍተው ለቶልኪን ጻፉለት። አንዱ እንዲያውም ፍሮዶ እንደ ከሃዲ መገደል ይገባው ነበር አለ። ቶልኪን በመልሶቹ የተናገረው ለእኔ የመጽሐፉ ቁልፍ ነው። ፍሮዶ አቅሙ የፈቀደውን ሁሉ ሰጥቷል አለ። ከዚያ በኋላ ያለው ፈተና ከማንኛውም ፍጡር አቅም በላይ ነበር። የተረፈው ቀድሞ ባደረገው ምሕረት ነው። ጎለምን ባይምረው ኖሮ በዚያች ሰዓት ጎለም አይኖርም ነበር። ከዚያም ቶልኪን ማንኛውም ክርስቲያን በየቀኑ የሚደግመውን ጸሎት ጠቀሰ፤ «ወደ ፈተና አታግባን፣ ከክፉ አድነን እንጂ»። ከጌታ ጸሎት ውስጥ ብዙም የማናሰላስለው ከባዱ ልመና ይህ ነው አለ።

እንግዲህ «ከመሠረቱ ሃይማኖታዊ» ያለው ይህንን ነው። ሰው በራሱ ጉልበት አይድንም፤ ጸጋ ያስፈልገዋል የሚለው ትምህርት እዚህ የታሪኩ መቋጫ ሆኗል። የአባ ፍራንሲስ ይቅርታም ያለው እዚህ ነው።

ይህን ድንገተኛ የደስታ ለውጥ ቶልኪን በ1939 በስኮትላንድ ሴንት አንድሩስ ዩኒቨርሲቲ ስለ ተረት ባደረገው ንግግር አስቀድሞ አስረድቶታል። ጥሩ ተረት ሁሉ ሊጠፋ ሲል የሚመጣ ያልታሰበ መዳን አለው አለ። ሽንፈትና ሐዘን እንዳለ አይክድም፤ የመጨረሻው ቃል የእነሱ መሆኑን ግን ይክዳል። የክርስቶስ ልደት በሰው ልጅ ታሪክ ውስጥ እንዲህ ያለ ለውጥ ነው፤ ትንሣኤው ደግሞ የዚያ የሰው መሆን ታሪክ የደስታ ለውጥ ነው። ተረት የምንወደው ለምንድን ነው ለሚለው ጥያቄ ከዚህ የተሻለ መልስ አላነበብኩም።

አሁን ስለ ቀኖቹ ልንገራችሁ። ቶልኪን ፍሮዶንና አብረውት የሚጓዙትን፣ ሪቨንደል ከሚባለው የጉዞው መነሻ የሚያስነሣቸው ዲሴምበር 25 ቀን ነው። ቀለበቱ የሚጠፋው ማርች 25 ቀን ነው። መጽሐፉ ለምን እንደሆነ አይናገርም። ማርች 25 በምዕራባውያን ዘንድ መልአኩ ገብርኤል እመቤታችንን ያበሠረበት በዓል ነው። በቆየው የምዕራብ ትውፊት ደግሞ ክርስቶስ የተሰቀለበት ቀን ተብሎም ይታመን ነበር። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ልጅ ይህን ሲሰማ ወዲያው መጋቢት 29 ትዝ ይለዋል። ልክ ነው። በጥንቱ የዩልየስ አቆጣጠር ማርች 25 ማለት መጋቢት 29 ነው። እኛም ጋ የጌታ ፅንሰት የሚከበርበት፣ ጥንተ ትንሣኤውም የሚታሰብበት ቀን ነው። በጎንደር፣ ማለትም በቶልኪን ልብወለድ ውስጥ ባለችው በዚያች መንግሥት (የእኛዋን ጎንደር እያልኩ አይደለም)፣ ከድሉ በኋላ አዲስ ዓመት የሚጀምረው በዚያው ቀን ሆኗል።

ሌላም አለ። ተጓዦቹ የሚበሉት ሌምባስ የሚባል ስስ ቂጣ አለ። ሌላ ምግብ ሳይቀላቀልበት፣ እሱ ብቻ ሲበላ ኃይሉ ይጨምራል፤ ፈቃድን ያበረታል። አንባቢዎች ይህ ቅዱስ ቁርባንን ያስታውሰናል ብለው ጻፉለት። ቶልኪን አልካደም። ለአማኝ ትልቁ ነገር በትንሹ ውስጥ ሊገባ ይችላል የሚል ሐሳብ ሰጠ። ለነገሩ ቁርባን ለእሱ የእምነቱ ልብ ነበር። በ1941 ለልጁ ማይክል በጻፈው ደብዳቤ በምድር ላይ ሊወደድ የሚገባው አንድ ታላቅ ነገር እሱ እንደሆነ ነግሮታል።

ይሁን እንጂ ቶልኪን ሁልጊዜ በእሳት የነደደ አማኝ አልነበረም። በ1963 ያው ልጁ ማይክል እምነቱ እየላላ መሆኑን ነገረው። አባት በመልሱ የራሱን ድካም አልደበቀም። በወጣትነቱ ሊድስ ሲያስተምር፣ ከዚያም ኦክስፎርድ በገባባቸው የመጀመሪያ ዓመታት፣ ከስንፍና የተነሣ ቤተ ክርስቲያን መሄድ ሊተው ደርሶ እንደነበር ጻፈለት። የመለሰው በመንበሩ ላይ ያለው ቅዱስ ቁርባን ያለ ድምፅ መጥራቱ ነበር። ሰባኪ ሲያሰለች፣ ካህን ሲያሳፍር፣ ምእመኑ ሲያውክ፣ መፍትሔው ደጋግሞ መቁረብ ነው አለው። እንዲያውም ሆን ብለህ ደስ ወደማይልህ ቤተ ክርስቲያን ሂድ፤ ከዚያ ሕዝብ ጋር ቁረብ፣ ለእነሱም ጸልይ አለው። ስለ ካህናት ጥፋት ሲያወራ የዋህ አልነበረም፤ ብዙ አይቷል። ግን በሰዎች ጥፋት ምክንያት እምነትን መተው ለመተው ሰበብ መፈለግ ነው ብሎ ያምን ነበር። ከቶልኪን ደብዳቤዎች አንዱን ብቻ አንብብ ብባል ይህን እመርጣለሁ።

የመጨረሻዎቹ ዓመታት ከቤተ ክርስቲያኑ ጋር ሌላ ፈተና አመጡለት። ከሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ በኋላ ቅዳሴው ከላቲን ወደ እንግሊዝኛ ዞረ። እናቱ ያስተማረችው ላቲን፣ በልጅነቱ ለአባ ፍራንሲስ ሲመልስበት የነበረው ላቲን ጠፋ። የልጅ ልጁ እንደሚያስታውሰው፣ ሕዝቡ በእንግሊዝኛ ሲመልስ ቶልኪን ጮክ ብሎ በላቲን ይመልስ ነበር። የልጅ ልጁን ቢያሳፍረውም አያቱ ግን የሚያምንበትን ነው ያደረገው። ቤተ ክርስቲያኑን ግን አልተወም። በ1966 በእንግሊዝኛ ለታተመው የኢየሩሳሌም መጽሐፍ ቅዱስ ትንቢተ ዮናስን የተረጎመውም እሱ ነው።

ኢዲት በ1971 ሞተች። እሱም በሴፕቴምበር 1973 በ81 ዓመቱ ተከተላት። የፍትሐት ቅዳሴውን የመራው የበኩር ልጁ አባ ጆን ነው።

ቶልኪንን ከእምነቱ በኩል ማንበብ ለሚፈልግ ሰው ሦስቱን ትልልቅ ጥራዞች ይዞ እንዲነሣ አልመክርም። «የኒግል ቅጠል» ከምትባለው አጭር ልብወለድ ጀምሩ። በ1945 ታትማ የወጣች ናት፤ በአንድ ማምሻ ታልቃለች። ኒግል አንድ ትልቅ ዛፍ ለመሣል ዕድሜውን የፈጀ፣ ግን ጎረቤቱ ሁልጊዜ ለእርዳታ እየጠራው የማይጨርስ ሠዓሊ ነው። እያጉረመረመም ቢሆን ይረዳል። ሥዕሉ ሳያልቅ ለማይቀረው ጉዞ ይጠራል። በሌላኛው ዓለም መጀመሪያ ድካምና መንጻት ይጠብቀዋል፤ ካቶሊኮች ስለ መንጽሔ የሚያስተምሩትን ለሚያውቅ ሰው ቦታው ግልጽ ነው። ሲወጣ ዛፉን ያገኘዋል፤ እውነተኛ፣ ሕያው፣ የተጠናቀቀ ዛፍ። ሥራውን ያስተጓጎለው ጎረቤቱም ይመጣና የቀረውን አብረው ይሠሩታል። ቶልኪን ይህን ሲጽፍ ትልቁን መጽሐፉን ሳልጨርስ እሞታለሁ ብሎ ይፈራ ነበር። እሱን ጨረሰው፤ «ሲልማሪልዮን»ን ግን ሳይጨርስ ሄደ።